ፈጠነች ውሃ የገባችበት ዕለት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ሐምሌ 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ቦታ፦ ሁምቦ ወረዳ አባያ ሐይቅ ዳር ከግራር ዛፍ ሥር ተጀምሮ፣ በጭነት መኪና ላይ ቀጥሎ፣ ሶዶ ከተማ ላይ የተጠናቀቀ

ስብሰባውን የጠራው፦ የሚሊኒየሙን በዓል ምክንያት በማድረግ የተቋቋመው የትራያትሎን አስተባባሪ ጊዜያዊ ኮሚቴ

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ጌታሁን፦ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ዘነቡ፦ የሴቶች ጉዳይ ተወካይ
3. አቶ ቢያድግልኝ፦ የነጋዴው ማኅበረሰብ ተወካይ፣ ብስክሌት አከራይ
4. አቶ ደጉ፦ የመኪናው ሹፌር
5. ሳምራ፦ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት

በጥሪ የተገኙ፦ የሐይቅ ዳሩ ቀበሌ ተወካይ አቶ ዳና፤ ተወዳዳሪዎቹ ወጣት ባርኮት እና ወ/ሪት ፈጠነች

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ስብሰባው ውሃ ዳር መሆኑ ሲነገራቸው ሦስቱም በአንድ ቀን ታመዋል።

ኮሚቴው ስድስት አባላት ያሉት ሲሆን ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በአራት ነው። የተገኙት ሦስት ስለሆኑ ሰብሳቢው ሹፌሩን ከመኪናው ሥር ጠርተው ለዛሬ ብቻ አባል እንዲሆኑ ጠይቀዋቸዋል። አቶ ደጉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ “ሥራ አለበት?” ብለው ጠይቀው፣ እጅ ከማውጣት ሌላ ሥራ እንደሌለበት ሲነገራቸው ተስማምተዋል። ምልዓተ ጉባኤውም ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ትራያትሎን ምን እንደሆነ ግንዛቤ ስለመጨበጥ

ሰብሳቢው እንዳብራሩት ትራያትሎን ማለት አንድ ስፖርተኛ በመጀመሪያ ዋኝቶ፣ ቀጥሎ ብስክሌት ጋልቦ፣ በመጨረሻ የሚሮጥበት ውድድር ነው። ረጅሙ ዓይነት ወደ አራት ኪሎ ሜትር ዋና፣ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ብስክሌትና ሙሉ ማራቶን አለው።

አቶ ቢያድግልኝ “በስንት ቀን?” ሲሉ ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው “በአንድ ቀን” ብለው መልሰዋል።

“አንድ ሰው?”

“አንድ ሰው።”

“በገዛ ፈቃዱ?”

ሰብሳቢው የያዙትን መመሪያ ገልብጠው ካዩ በኋላ በገዛ ፈቃዱ መሆኑን አረጋግጠዋል። ወ/ሮ ዘነቡ ይህ ሰው ምሳውን መቼ እንደሚበላ ጠይቀው፣ ብስክሌቱ ላይ እንደሆነ ሲነገራቸው አዝነዋል። አቶ ደጉ መኪና እያለ ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቦላቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የዛሬው የማጣሪያ ውድድር አጠር እንዲል፣ ማለትም ተወዳዳሪው ሐይቁ ላይ እስከቆመችው የዓሣ አጥማጆች ታንኳ ዋኝቶ እንዲመለስ፣ በተበላ ከተማ በኩል እስከ ሶዶ በብስክሌት እንዲሄድ፣ ከሶዶ ኳስ ሜዳ እስከ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ሮጦ እንዲመለስ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ሀዋሳ ላይ በሚደረገው የክልሉ ውድድር ዞናችንን የሚወክል ስፖርተኛ ስለመምረጥ

ወጣት ባርኮት በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ፣ አዲስ የስፖርት ጫማ ያደረገና አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ነው። ሰብሳቢው ባርኮት የእህታቸው ልጅ መሆኑ በቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍ ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው እነሆ ተጽፏል።

ወ/ሪት ፈጠነች በሁምቦ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት ስትዞር ቀበሌውን በእግሯ ታካልለዋለች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ስለሆኑ ያደገችው ሐይቁ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአቶ ቢያድግልኝ ብስክሌት እየተከራየች ትለማመዳለች። አምና ለሩጫ ቡድን ስትመጣ “ሞልቷል” ተብላለች፤ ካቻምና “ምዝገባ አልቋል” ተብላለች። በዚህም ምክንያት ዛሬ ከኮሚቴው ቀድማ፣ ጎህ ሲቀድ ደርሳ ግራሩ ሥር ስትጠብቀን አግኝተናታል።

ሰብሳቢው “ዋና የት ተማርሽ?” ብለው ጠይቀዋታል።

“ውሃ ውስጥ” ብላለች።

ይህም “የምስክር ወረቀት የላትም” ተብሎ እንዲመዘገብ ታዟል። ባርኮት ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት ዋናን በክፍል ውስጥ መውሰዱንና ጥሩ ውጤት ማምጣቱን ገልጿል። ወ/ሮ ዘነቡ “ክፍሉ ውስጥ ውሃ ነበረ?” ሲሉት፣ ውሃ እንዳልነበረ፣ ሰሌዳ ግን እንደነበረ በትሕትና አስረድቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ባርኮት ተወካይ እንዲሆን፣ ፈጠነች ደግሞ ተጠባባቂ ሆና የባርኮትን ልብስ እንድትይዝ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ተቃውሞው የወ/ሮ ዘነቡ ሲሆን የሴቶች ተሳትፎ የት ሄደ ሲሉ አምርረው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ልብስ መያዝም ተሳትፎ መሆኑን ሲያስረዱ፣ ወ/ሮ ዘነቡ “እንግዲያው ይህን ተሳትፎ እርስዎ ይውሰዱት!” ብለዋል። ከዚህ በኋላ የተባባሉት ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ፈጠነች እጇን አውጥታ ለመናገር ጠይቃ ነበር። ሰብሳቢው ሐሳቧን “ልዩ ልዩ” ላይ እንድታቀርብ ነግረዋታል። “እሺ ጋሼ” ብላ ተነሥታ ሄደች። ወዴት እንደሄደች ማንም አልጠየቀም።

አጀንዳ 3፦ ስለ አዞ

አጀንዳውን ያስያዘው ባርኮት ነው። ሐይቁ ውስጥ አዞ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አቶ ዳና “አለ፤ ግን ሰው ካልነካው ሰው አይነካም” ብለው አጽናንተውታል። ባርኮት አዞን ሳያዩት እንዴት አለመንካት እንደሚቻል ጠይቆ አጥጋቢ መልስ አላገኘም። አቶ ዳናም ሐይቁን ለመቃኘት ወደ ውሃው ዳር ወርደዋል።

ሰብሳቢው አዞዎቹ ለማጣሪያው ዞር እንዲሉ ለሚመለከተው አካል ይጻፍ ብለዋል። አቶ ደጉ ዋናው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ አዞ ቢበላው እንኳ ብስክሌቱንና ሩጫውን ጨርሶ ነው የሚበላው ብለዋል። ሐሳቡ ጠንካራ ጎን እንዳለው ታምኖበታል፤ ባርኮት ግን ደካማ ጎኑን አሳይቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዋና ከትራያትሎን እንዲሰረዝና ተወካዩ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ጉልበቱ በመታጠብ እንዲተካው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ልክ በዚህ ጊዜ አቶ ዳና ከውሃው ዳር ሆነው “ገባ! ውሃ ገባ!” ሲሉ ጮኹ።

እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አቶ ዳና ቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ስለሆነ አማርኛ ሲቸኩሉበት “እሱ” እና “እሷ” ይቀላቀልባቸዋል። እኔም ብሆን ስደነግጥ ስለሚያጋጥመኝ አልፈርድባቸውም።

ሰብሳቢው “ማነው የገባው?” ሲሉ ጠየቁ።

“ጠንካራ ነው! ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው!” አሉ አቶ ዳና።

ባርኮት “ጉማሬ!” ብሎ ከሁሉም ቀድሞ መኪናው ላይ ወጣ። ሰብሳቢው ስብሰባው መኪናው ላይ እንዲቀጥል መመሪያ የሰጡት እዚያው ላይ ሆነው ነው። አቶ ቢያድግልኝ እኔን በአንድ እጃቸው፣ ቃለ ጉባኤውን በሌላው ይዘው አውጥተውናል።

አቶ ደጉ መሪ ለመያዝ ወደ ጋቢና ስለገቡ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ከአጭር ውይይት በኋላ አንድ ጡሩምባ ድጋፍ፣ ሁለት ጡሩምባ ተቃውሞ ሆኖ እንዲቆጠርላቸው ተወስኗል። አቶ ደጉ አንድ ጊዜ ነፍተው ደግፈዋል።

ወ/ሮ ዘነቡ የገባ ጉማሬ ምን ያስፈራል፣ የሚያስፈራው የወጣ ነው ሲሉ አስተያየት ሰጡ። አስተያየታቸው ሳያልቅ አቶ ዳና “ወጣ! ወደ እናንተ ይመጣል!” ብለው ጮኹ። አቶ ደጉ ድምፅ ሳይሰጥበት መኪናውን አስነሥተው ነጎዱ።

“ብስክሌቴ!” አሉ አቶ ቢያድግልኝ። ለማጣሪያው ያመጡት ብስክሌት ግራሩን ተደግፎ ቀርቶ ነበር። ሰብሳቢው ነጥቡ አጀንዳ እንዳልሆነ ቢያሳስቡም፣ አቶ ቢያድግልኝ ወደ ኋላ እያዩ “ጉማሬው ብስክሌቴን ወሰደው! ይኸው ተቀመጠበት!” ብለዋል። ሰብሳቢው ጉባኤውን በማይሆን ወሬ እንዳያሸብሩ አስጠነቀቋቸው።

ወ/ሮ ዘነቡ ግን ተነሥተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። “ጉማሬ ሹሩባ የለውም” አሉ። “ፈጠነች ናት!”

ኮሚቴው ስለ አዞ ሲወያይ ፈጠነች እስከ ታንኳዋ ዋኝታ ተመልሳ እንደነበር የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር ሳይደረግ መጀመሯ ሕገ ወጥ ስለሆነ መኪናው ቆሞ እንዲያስቆማት አዘዙ። አቶ ደጉ ሁለት ጊዜ ነፉ። ትእዛዙን ተቃውመው ይሁን መንገድ ላይ ለነበሩ ፍየሎች ነፍተው እስካሁን አልተጣራም።

ተበላ ከመድረሳችን በፊት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ፈጠነችም ከነጭቃዋ ደረሰችብን። ሰብሳቢው ከላይ ሆነው ማጣሪያው ገና እንዳልተከፈተ በንባብ አሰሙ።

“ጋሼ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ከቆምኩ አልነሣም፤ ሶዶ እንገናኝ!” ብላ አለፈች።

አቶ ቢያድግልኝ “የኋላውን ፍሬን ብቻ ያዢ! የፊቱ አይሠራም!” እያሉ አጨበጨቡላት። ሰብሳቢው ከማን ወገን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው “ከብስክሌቴ” ብለዋል።

ከዚህ በኋላ ጉባኤው ወርዶ መኪና በመግፋት ቀጥሏል። ከሁሉም በላይ የገፋው ባርኮት ነው፤ አዲሱ ጫማው እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። አጠገቤ እየገፋ ቀስ ብሎ “ሳምራ፣ እኔ ዋና አልችልም። አጎቴን እምቢ ማለት ነው ያቃተኝ” አለኝ። እንዳልጽፈው አልጠየቀኝም።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሶዶ ኳስ ሜዳ ስንደርስ ብስክሌቱ በቆሎ ጠባሾቹ ዘንድ ቆሞ ነበር። ፈጠነች ዳሞታ ግርጌ ደርሳ እየተመለሰች መሆኑን የነገሩን እነሱ ናቸው። ብዙም ሳንቆይ በላይ በኩል ጩኸት ተሰማ። በላስቲክ ጫማ፣ ቀሚሷን ከሱሪዋ በላይ ሸብ አድርጋ ትመጣለች። የሚኒባስ ረዳቶች በር እየደበደቡ፣ ገበያተኛው ሸክሙን እንደያዘ ከኋላዋ ይሮጣል።

የመጨረሻ መስመር የሚባል ነገር አልተዘጋጀም ነበር። ወ/ሮ ዘነቡ ነጠላቸውን አውልቀው አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ። ጸሐፊዋ ሁለት እጇ ስለተያዘ ይህ ክፍል ኋላ የተጻፈ ነው። ፈጠነች ነጠላውን በደረቷ ይዛው ስታልፍ ጸሐፊዋ እልል ማለቷም፣ ድምፅ የሌላት ከመሆኗ አንጻር፣ አብሮ ይመዝገብ።

ሰብሳቢው ሕዝቡ ጸጥ እንዲል ካደረጉ በኋላ ውጤቱ ተቀባይነት የለውም አሉ፦ ማጣሪያው በንግግር አልተከፈተም፤ ዋና በውሳኔ ተሰርዟል፤ ተወካዩም ባርኮት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ይደገም አሉ።

ባርኮት በባዶ እግሩ ቆሞ “አጎቴ፣ እኔ አልሄድም። የምትችለው እሷ ናት” አለ። ሰብሳቢው “አጎቴ” የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ሕዝቡ ግን ሰምቷል።

ፈጠነች ወገቧን ይዛ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ሁሉም ጠበቃት። አምና “ሞልቷል” ሲሏት ዝም ብላ የተመለሰች ልጅ ናት። አሁን ግን ቀና ብላ ሰብሳቢውን አየቻቸው።

“እሺ ጋሼ፣ እደግመዋለሁ” አለች። “ቅዳሜም እደግመዋለሁ፣ ከዚያም ወዲያ ባለው ቅዳሜ። ግን ሩቅ ሆናችሁ ‘አላየንም’ እንዳትሉኝ፣ ኮሚቴው አብሮኝ ውሃ ይግባ። ስዋኝ እያየ ይፍረድ።”

አቶ ደጉ አባልነታቸው ለዛሬ ብቻ እንደነበር አስታወሱ። አቶ ቢያድግልኝ ወደ ብስክሌታቸው ሄደው ጎማውን በእጃቸው ጫን ጫን እያደረጉ “ለሀዋሳ የፊት ፍሬኑን አሠራዋለሁ” አሉ። ሰብሳቢው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። “የዋና ልብስም የለኝም” ሲሉ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያም፣ ምንም ውይይት ሳያስፈልግ፣ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኗል፦

ባርኮት ተወካይ ይሁን የተባለው ተሽሯል። ልብስ መያዝ ተሽሯል። ዋና በመታጠብ ይተካ የተባለው ተሽሯል። ስለ አዞዎቹ የሚጻፈው አይጻፍም። ጡሩምባ እንደ ድምፅ አይቆጠርም። ቅዳሜ ይደገም የሚለው ሐሳብ አልቀረበም። የዛሬው ማጣሪያም ሳይከፈት ስለተጠናቀቀ እንደ ተከፈተ ይቆጠራል።

ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተበትኗል። በአጭሩ ኮሚቴው ዛሬ ምንም አልወሰነም፤ ፈጠነች ግን ሀዋሳ ትሄዳለች።

ሳምራ፣ ጸሐፊ