ጸበል የተረጨው ላፕቶፕ

እኛ ሰዎች ተጠባባቂ የማናስቀምጥለት ነገር የለም። ውሃ ይጠፋል ብለን በርሜል እንሞላለን፤ መብራት ይሄዳል ብለን ሻማ እንገዛለን፤ ቁልፍ ቢጠፋስ ብለን ሁለተኛውን ጎረቤት ዘንድ እናኖራለን። ኮምፒውተር ውስጥ ላለ ነገር ግን ያለችን ተጠባባቂ እመቤታችን ብቻ ናት። "ነገ ፍላሽ ላይ እገለብጠዋለሁ" ብሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።

እኔም ላፕቶፔ ውስጥ ነገ እገለብጠዋለሁ ስለው የኖርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። አባቴ ከማረፉ በፊት፣ አቃቂ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ የቀረጽኩት ቪዲዮ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከሽመና ማሽን ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም ቀስ ብሎ ማውራት አልሆነለትም። ቪዲዮው ላይም ይጮኻል። ድምፁ የቀረልን እዚያች ውስጥ ብቻ ነው። ለእናቴ ቪዲዮው መኖሩን አልነገርኳትም፤ ሐዘኗ በረድ ሲልላት አሳያታለሁ እያልኩ ነበር።

እናቴ ሳሪስ አቦ ተሳልማ ስትመለስ ጸበል በትንሽ ጀሪካን ይዛ ትመጣና ቤቱን ትረጫለች። አልጋው ይረጫል፣ ቁም ሳጥኑ ይረጫል፣ ከተገኘሁ እኔም እረጫለሁ። የዚያን ዕለት ግን እኔ ሥራ ቦታ ነኝ፤ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እንደተከፈተ ቻርጅ ይደረጋል። እሷ ደግሞ ልጇ ከዚህ ዕቃ ጋር ተፋጦ የሚያመሸው በጤናው ነው ብላ አታምንም። ስለዚህ ለእሱ ጨመር አደረገችለት። ቷ ብሎ ጠፋ።

ደውላ ስትነግረኝ ድምጿ ላይ ጸጸት የሚባል የለም። አገሩ ሁሉ በየስብሰባው ግለ ሂስ በሚያወርድበት ዘመን እናቴ ግለ ሂስ አታውቅም። ያደረበት ነገር ጮኾ ወጣለት፣ ከእንግዲህ በሰላም ትሠራበታለህ አለችኝ። አሁን በጸበል ላይ አቤቱታ የት ይቀርባል? ቀበሌ ነው? የንስሐ አባት ዘንድ ነው?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የራሰ ዕቃ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር እርጥበቱን ሩዙ ይስብለታል አለኝ። ለእናቴ ደወልኩና ሩዝ ውስጥ ቅበሪው አልኳት። እሺ አለች። ቤት ስገባ የት አደረግሽው ብላት የጤፍ ጆንያውን አሳየችኝ። ቤት ውስጥ ሩዝ አልነበረም፤ ቢኖርስ ሩዝ ከጤፍ በምን እንደሚበልጥ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። ጆንያው ውስጥ እጄን ሰደድኩ። አንድ ነገርም ተማርኩ፤ ላፕቶፕ ላይ ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። አውጥቼ ስወዘውዘው እንደ ጸናጽል ሿ አለ።

በማግስቱ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ከድር ሱቅ ወሰድኩት። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ ዕቃህን ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁረው ነገር፣ ታሞ የተኛ ዘመድህን የሚያክም ሐኪም ያስመስለዋል። ብሎኖቹን ፈትቶ ሲገለብጠው ጤፉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጤፉንም እኔንም ትክ ብሎ አየና "ወንድሜ፣ ወፍጮ ቤቱ ከእኔ ቀጥሎ ነው" አለኝ።

ከሞቱ አሟሟቱ ነውና ምን እንደነካው ጠየቀኝ። ውሃ ነው አልኩት። ምን ዓይነት ውሃ ሲለኝ የተባረከ አልኩት። እንግዲህ እዚህ ውስጥ እኔ አልገባም ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ላፕቶፑ አልቆለታል፣ ሀርድ ዲስኩን ግን እንሞክር አለ። አውጥቶ በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘው ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። እንዲህ የሚል ዲስክ ቶሎ ስለሚሞት መጀመሪያ የሚወጣውን ምረጥ አለኝ። ምን ምርጫ አለው? አባቴን ጠቆምኩት።

መገልበጡ ግማሽ ሲደርስ መብራት ሄደ። ከድር "ያ አላህ" አለ። እኔ "አቦዬ" አልኩና ወዲያው አፈርኩ፤ ውሃው ከማን ቤት እንደመጣ ትዝ ብሎኝ ነው። መብራቱ እስኪመለስ ሁለታችንም ጤፍ ስንለቅም ቆየን፤ እጃችን ሥራ እንዳይፈታ ብለን እንጂ ጤፉ ተለቅሞ የሚያልቅ ሆኖ አይደለም። መብራት ሲመጣ ዲስኩ እያቃሰተ ተነሳ፤ ቪዲዮው ተገለበጠ፤ ሌላውን ልንሞክር ስንል ቀጥ አለ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶቼ ሁሉ እዚያው ቀሩ፤ አንዱም አልናፈቀኝም። ከድር ቪዲዮውን ሲከፍተው አባቴ ሱቁ ውስጥ ጮኸ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ማን ተጣላ ብሎ ብቅ አለ። እኔ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ከድር ቪዲዮውን የገለበጠልኝን ፍላሽ ዲቪዲው ላይ ሰካሁና እናቴን ጠራኋት። አባቴ ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ተቀምጧል። "ምን ልናገር? እናትህን ጥራት እንጂ! እሷ የሌለችበት ወሬ ምን ይጥማል!" እያለ ሰፈሩን ያናጋዋል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ አነባች። እኔም አብሬያት አነባሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች።

"ይህንን ሹራብ ለብሶ ነው የቀረጽከው?"

ምን ሆነ እማዬ አልኳት። ክርኑ ተቀዷል አለች። ስንት ሸሚዝ ተኩሼ አስቀምጬለት፣ ሰው ቢያየው ሚስት አልነበረችውም ወይ አይልም? አሁኑኑ አጥፋው አለች። ጸበሉን፣ ጤፉን፣ ከድርን አሰብኩና እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አመሻሹ ላይ ሥራዋን ጨርሳ አጠገቤ ትቀመጣለች።

"ያንን ነገር አጠፋኸው?" ትለኛለች።

"አዎ፣ አጠፋሁት" እላታለሁ።

"ደግ አደረግክ" ትልና ነጠላዋን ታስተካክላለች። "በል ክፈተው።"