ከቤንዝን ቀለበት ላይ ጸሐፊ ለማንሣት የተደረገ ስብሰባ

ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት፣ ከጓሳው የወል ሣር ሜዳ ሥር ባለው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ክፍል የወላጆች ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከስድስት አባል ስድስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ሰብሳቢ አቶ ፈንታ፣ ቄስ ገብረ ክርስቶስ፣ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ አቶ ማዕረግ፣ የኬሚስትሪ መምህርት ትሕትና፣ ጸሐፊ አቶ ውባየሁ (እኔ)። አባል ያልሆነ፦ መሐል ሜዳ ከተማ ኮምፒውተር የተማረው ፍሬአብ፣ ቆሞ።

አጀንዳ 1፦ ጸሐፊውን በፍሬአብ ስለ መተካት። ሰብሳቢው የጸሐፊው ጽሕፈት ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ገለጹ። ጸሐፊው አሥራ አራት ዓመት ሲጽፍ ዶሮ እንዳላገዘው፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህም ከዚህ ወንበር በቀር ከሰው የሚገናኝበት እንደሌለ አስረዳ። ሁለተኛው ነጥብ አይመዝገብ ተባለ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ በምን ዘዴ ይተካ። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ የቀረውን ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት አሳዩ። ስድስቱ ካርቦን እንደ ስድስቱ ወንበራችን ነው። አዲሱ መጥቶ ከነባሩ ጋር በአንድ ወንበር ይደረባል፤ የቀለበቱ ሰላም ለጊዜው ይናጋል፤ ነባሩ ሲለቅ ይመለሳል። ለዚህም ናይትሮ የሚባል ኤሌክትሮን ሳቢ ከጎን ወይም ከትይዩ ያስፈልጋል፤ አንድ ወንበር ዘሎ የተቀመጠ አይረዳም አሉ።

ከጸሐፊው ትይዩ የተቀመጡት ሰብሳቢ ናይትሮ እሆናለሁ አሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ «አንተ ፈንታ፣ ድሮም ጓሳው ለአጨዳ ሳይከፈት ሣር መሳብ ለምደሃል!» ሲሉ አስተያየት ሰጡ።

ጸሐፊው ከነባሮቹ ማን ቶሎ እንደሚለቅ ጠየቀ። «ፍሎሪን ነው አባባ፤ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው። ሁሉን ወደ ራሱ ሲስብ ካርቦኑን ያራቁተዋል፤ አዲሱም ያን አይቶ ይመጣል» ሲሉ መምህርቷ መለሱ። ሰብሳቢው ያለ አግባብ ሳቁ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ፍሬአብ እንዲደረብ ተወሰነ፤ ተደረበ። ሰብሳቢው የጸሐፊውን ጋቢ ሳቡ። ጸሐፊው አልለቀቀም። ቄሱ ወንበሩ እየጮኸ መሆኑን አሳሰቡ። ፍሬአብ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ቢል ጸሐፊው «ከመሐል ሜዳ ወንበር ይዘህ አትመጣም ኖሯል?» አለው። ልጁ አፍሮ ተነሣ። መምህርቷም ነባሩ አልለቅ ሲል የገባው ተመልሶ እንደሚወጣ፣ ይህም በኬሚስትሪ ያለ መሆኑን አረጋገጡ። ሰብሳቢው ግን ኬሚስትሪው ምንም ይበል፣ ውሳኔው ጸንቷል ብለው ስብሰባውን በ6 ሰዓት በተኑ። አምስቱም ሄዱ።

በ6 ሰዓት ከሩብ፣ በቦታው የቀረው አባል ከላይ የተወሰነውን ሁሉ በሙሉ ድምፅ ሽሯል። ምልዓተ ጉባኤው ቢጎድልም ወንበሩ ሙሉ ነው።