በር ላይ የተሳለ ጊታር

(ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች የኪራይ ክፍል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የክፍሏ ተከራይ ደግፌ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የመሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ የማያውቀው ነገር ቢኖር የማያውቀው ነገር መኖሩን ብቻ ነው። ጓደኛው ጦና የአረካ ልጅ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጦና አይቸኩልም። ሰላም ብለኸው ሻይህን ጨርሰህ ስትነሳ «ደህና ነኝ» የሚል ዓይነት ሰው ነው። የክፍሏ የብረት በር በጠመኔ ተዥጎርጉሯል፤ ስድስት መስመር፣ በላዩ ላይ ብዙ ነጠብጣብ። የጊታር አንገት መሆኑ ነው። ሁለቱም በሩ ላይ አፍጥጠው ይጨቃጨቃሉ።)

ደግፌ፦ ሳጥን ነው አልኩህ!

ጦና፦ አጥር ነው።

ደግፌ፦ አንተ ሰውዬ፣ የዓለም ጊታሪስት በሙሉ ሳጥን ነው የሚለው!

ጦና፦ የዓለም ጊታሪስት አጥር አጥሮ አያውቅማ። እየው፣ በግራ በኩል ነጠብጣቦቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። በቀኝ በኩል አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ። ይሄ ላም የገፋችው አጥር ነው።

ደግፌ፦ እሺ፣ አጥር ይሁንልህ! ቅርጹን ብቻ ያዝልኝ። ስማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርህ። (ጠመኔውን አነሳ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲል ይሄ ስንተኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም።) የጊታር አንገት ላይ አምስት ሳጥኖች አሉ። ጎን ለጎን ተያይዘዋል። ዘፈኑን የሚያጅበው የመጀመሪያው ኮርድ ላይ እዚህ ሳጥን ውስጥ ትጫወታለህ። ኮርዱ ሲቀየር ሮጠህ ወደሚቀጥለው ትገባለህ፤ ጣትህን የኮርዱ ኖታ ላይ ታሳርፋለህ። ይሄንን ከቻልክ ጃዝ ብሉዝ ቻልክ ማለት ነው። ተራ ብሉዝ የሚጫወት ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል። ጃዙን የሚያመጣው ሩጫው ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሳጥን አንድ፣ ሳጥን ሁለት፣ ሳጥን ሦስት! ገባህ?

(ጦና በሩን ያያል። ደግፌን ያያል። መልሶ በሩን ያያል።)

ጦና፦ ጨረስክ?

ደግፌ፦ ይሄው! ሦስት ወር ሙሉ «ጨረስክ?» ነው የምትለኝ! አዎ ጨርሻለሁ!

ጦና፦ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ስሄድ፣ መንገድ ላይ ምን እላለሁ?

ደግፌ፦ መንገድ የለም! ትሮጣለህ!

ጦና፦ ትንሽ ብቆምስ?

ደግፌ፦ ቆመህ ምን ልትሠራ?

ጦና፦ እንዲሁ። ዝም ብዬ።

ደግፌ፦ ዝም ካልክማ ጠፋበት ይሉሃል! ጦና፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ሐብተማርያም ፊት ነው የምትቀመጠው። የዋዛ ሰው መሰሉህ? ዕድሜ ልካቸውን በኦርኬስትራ ትራምፔት ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ምን ብለው ላኩብህ?

ጦና፦ «ልጄን ሚስጥርን የሚፈልግ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጊታሩን ይዞ ይምጣ። አብረን አንድ ብሉዝ እንጫወታለን።»

ደግፌ፦ አየህ? የሌላው ሰው አማት ሥራ አለው ወይ፣ ቤት አለው ወይ ይላል። ያንተው ግን ሶሎ ነው የጠየቁህ! አንተ ደግሞ ቆሜ ልጠብቅ ትለኛለህ።

ጦና፦ (አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጊታሩን እንደ ታመመ ልጅ አቀፈው) ደግፌ፣ ፈርቻለሁ። ሚስጥር ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ፤ «አባዬ እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ እኔም አንተም ምንም አናመጣም» አለችኝ። እያለቀሰች። እሷን ካጣሁ ወዲያ እኔ ሰው አልሆንም።

(ደግፌ ጠመኔውን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። አፉ ክፉ ቢሆንም ሆዱ ገር ነው። ደግሞም የራሱ ጉዳይ አለበት፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሱፍ ልብስ የተዋሰው ለጦና ሽምግልና ነው። ንግግሩንም አጥንቶ ጨርሷል።)

ደግፌ፦ አይዞህ። እኔ እያለሁልህ ማን ይነካሃል? ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ የምናገረው እኔ ነኝ። «ጎጆ ሊወጣ ያሰበ ልጅ አለን» ብዬ እጀምርና ከዳሞታ እስከ ሁምቦ አዞራቸዋለሁ! ንግግሬ ሃያ ደቂቃ ነው።

ጦና፦ መሃል ላይ እነሱ አይናገሩም?

ደግፌ፦ ምን ይናገራሉ? እኔ እነግራቸዋለሁ!

ጦና፦ (በሩን እያየ) አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ደግፌ፦ ጠይቅ።

ጦና፦ ቅርጹን በሩ ላይ ሳየው ይመጣልኛል። እዚያ ሄጄ በሩ ከሌለስ?

ደግፌ፦ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! በር ተሸክመህ ልትሄድ አማረህ? በቃ፣ ጊታርህን አንሳ፣ እንሂድ።

(በረንዳ፤ የጋሽ ሐብተማርያም ቤት። ሽማግሌው ነጭ ፎጣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ትራምፔታቸውን ይወለውላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ የተቀቀለ ጎደሬና ማባያውን ዳጣ አቅርበው ገብተዋል። የመስኮቱ መጋረጃ ይነቃነቃል፤ ነፋስ ግን የለም። ጦና መጋረጃውን አየና ላብ አጠመቀው።)

ሐብተማርያም፦ እንግዲህ የቱ ነው ጦና?

ደግፌ፦ እሱ ነው ጋሼ! እኔ ደግፌ ነኝ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በቅርጽ ነው የምናስተምረው፣ ዘመናዊው ዘዴ እሱ ነው፣ አምስት ሳጥን አለ፣ መጀመሪያ...

ሐብተማርያም፦ ጎደሬ ብሉ።

ደግፌ፦ (እየጎረሰ) ...መጀመሪያ ሳጥን አንድን...

ሐብተማርያም፦ ከኤፍ ቃና እንጀምር። ለትራምፔቴ እሱ ይመቸዋል። አሥራ ሁለት ባር ነው፤ እያንዳንዱ አራት ምት። እኔ አራት ባር እናገራለሁ፣ ደግሜ እናገራለሁ፣ በመጨረሻው አራት እንደመድማለን።

ጦና፦ (በሹክሹክታ) ደግፌ፣ በሩ ላይ የሳልከው ከአምስተኛው ፍሬት፣ ከአምስተኛዋ የአንገት ብረት ላይ ነበር።

ደግፌ፦ (በሹክሹክታ) ለኤፍ አራት ፍሬት ወደ ኋላ ሳበው!

ጦና፦ በሩን?

ደግፌ፦ ሳጥኑን! ኧረ ስጠኝ እስቲ! (ጊታሩን ነጠቀው) ጋሼ፣ እኔ በመጀመሪያ ላሳይዎትና እሱ ይከተላል!

(ጋሽ ሐብተማርያም ትራምፔቱን ወደ ከንፈራቸው አነሱ። አንድ አጭር ዜማ ነፉ፤ ሽማግሌ «እንዴት ዋላችሁ» እንደሚለው ዓይነት። ገና ትንፋሻቸውን ሳይውጡ ደግፌ ሳጥን አንድ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሳቸው «ልጆች...» ሊሉ ሲነፉ እሱ ሳጥን ሁለት ደረሰ። ሳጥን ሦስትን አልፎ አራት ሲገባ ሽማግሌው ትራምፔታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ደግፌ አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አምስተኛውን ሳጥን ጨርሶ፣ ተመልሶ የመጀመሪያው ላይ በድል ቆመ።)

ሐብተማርያም፦ ጨረስክ?

ደግፌ፦ (በኩራት) ጨረስኩ ጋሼ! አምስቱንም!

ሐብተማርያም፦ ዳጣ ትወዳለህ?

ደግፌ፦ በጣም!

ሐብተማርያም፦ በማንኪያ ትበላዋለህ?

ደግፌ፦ ኧረ አፌን ያቃጥለኛል! በጎደሬው ጫፍ ነካ እያደረኩ ነው እንጂ።

ሐብተማርያም፦ እንግዲያው ጎደሬው እኔ፣ ዳጣው አንተ ነበርክ። ጊታሩን ለልጁ ስጠው።

(ደግፌ ንግግሩን ምስጋና መስሎት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጦና ጊታሩን ተቀበለ። ሽማግሌው ያንኑ አጭር ዜማ ነፉና ጠበቁት። ጦና አንገቱን ደፍቶ የጊታሩን አንገት ያያል። ምንም የለም። ነጠብጣብም የለ፣ ጠመኔም የለ።)

ደግፌ፦ (ጥርሱን ነክሶ) ግባ! ግባ! ባዶ ሆነ!

(ጦና አልገባም። ደግፌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። በመጨረሻ ጦና ሦስት ድምፅ አሰማ። ሦስት ብቻ። ከሽማግሌው ዜማ ጭራ የተቆነጠሩ ይመስላሉ። ከዚያ ዝም አለ። ጋሽ ሐብተማርያም ቅንድባቸውን አነሱ። ሌላ ነገር ነፉ፤ አሁን ትንሽ ቀልድ አለበት። ጦና ጠበቀ፣ ጠበቀና አንድ ኖታ ብቻ፣ ሳብ አድርጎ መለሰ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ሳቅ ተሰማ። ሽማግሌው እግራቸውን መሬት ላይ መምታት ጀመሩ። ነፉ፣ መለሰ። ነፉ፣ ጠበቀ፣ መለሰ። የመጨረሻዎቹ አራት ባሮች ላይ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጦና ላይ ጣል አደረጉና ሁለቱም አንድ ላይ ጨረሱ።)

ሐብተማርያም፦ ሎኦ! ሎኦ! ጥሩ ነው! አገርነሽ፣ ሰማሽ? ልጄ፣ ከታላቋ ልጄ ባል ጋር ተዋውቀሃል?

ጦና፦ ቤሌ የሚኖሩት?

ሐብተማርያም፦ እሱን። ጥሩ ሰው ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ልጄን አክብሮ ይዟል። ነገር ግን በየበዓሉ እዚህ መጥቶ ይቀመጥና፣ የጀመርኩትን ወሬ እሱ ይጨርስልኛል! «አንድ ጊዜ ቡናችን...» ስል፣ «በዝናብ ሲበሰብስ» ይላል። የእኔን ቡና! ይኸው ታላቋን ካገባ ጀምሮ አንድ ወሬ ጨርሼ አላውቅም። ስለዚህ ለታናሿ፣ የሰው አፍ ይዋሻል፣ ሙዚቃው ግን አይዋሽም አልኩ። ሽማግሌ ላክ፣ እሑድ እጠብቃለሁ።

ጦና፦ (እንባው መጣ) እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ደግፌ፦ እልል! አላልኩህም! ጋሼ፣ እሑድ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ንግግሩ ዝግጁ ነው፣ መጀመሪያ «ጎጆ ሊወጣ...»

ሐብተማርያም፦ ጦና።

ጦና፦ አቤት ጋሼ።

ሐብተማርያም፦ ማንንም ላክ። ይሄን ልጅ ብቻ አትላከው።

(ወደ ታች የሚወስደው መንገድ። ባጃጆች ይወርዳሉ። ደግፌ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ የተዋሰው ሱፍ ልብስ ዓይኑ ላይ እየመጣበት ነው። ጦና ጊታሩን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ፈገግ ይላል።)

ደግፌ፦ አንተ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያንን ክፍት ቦታ መተው የት ተማርከው? ትልልቆቹ ተጫዋቾች ዓመታት የሚፈጅባቸው ነገር እኮ ነው!

ጦና፦ መጀመሪያውማ ጠፍቶኝ ነው። ሳጥኑን እየፈለኩ ነበር።

ደግፌ፦ ምን? ጠፍቶህ ነው እንዲህ ያደነቁህ?

ጦና፦ ሁለተኛው ዙር ላይ አገኘሁት። ግን ሽማግሌው ዓይናቸው ሲስቅ አየሁ። ያገኘሁትን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ነው።

ደግፌ፦ ሆን ብለህ! ታዲያ እኔ ሦስት ወር ሙሉ በጠመኔ አቧራ ሳንባዬ እስኪነጣ የሳልኩት በከንቱ ነው? ያ ሁሉ ሳጥን፣ ያ ሁሉ ትንታኔ፣ ከሰኞ እስከ አርብ በስልክ፣ ቅዳሜና እሑድ በአካል፣ አከራዬ ወይዘሮ ባዳቾ በሬን አበላሸኸው ብለው እስኪጣሉኝ ድረስ፣ ለመሆኑ ከእኔ የተማርከው አንድ ነገር አለ? አንድ እንኳ?

(ጦና ይጠብቃል። አንድ ባጃጅ አለፈ። ሌላም አለፈ።)

ጦና፦ ጨረስክ?

ደግፌ፦ ጨረስኩ!

ጦና፦ ካንተ የተማርኩት እሱን ነው እኮ። ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ። ሶዶ ውስጥ አንተን ለሦስት ወር ያዳመጠ ሰው፣ ለጋሽ ሐብተማርያም አሥራ ሁለት ባር ምን ያቅተዋል?

(ደግፌ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ድረስ ምንም አልተናገረም።)

ጦና፦ እሰይ! እስከ እሑድ በዚሁ ከቀጠልክ፣ ሽማግሌ አድርገን እንልክሃለን።