ሰማያዊዋ መኪና

ለመሆኑ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ የሚዘልቅ የመኪና የጽናት ውድድር እንዳለ ያውቃሉ? እኔም አላውቅም ነበር፤ ያስተማረኝ የለቡው ጎረቤቴ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ራሱ መካኒሳ ድረስ በሚኒባስ እየተጋፋ የሚመላለስ ሰው ነው። ሳሎኑ ግን በዚያ ውድድር ስማቸው በገነነ መኪናዎች ተሞልቷል፤ መዳፍ በሚያክሉ ሞዴሎች ማለቴ ነው። በራቸው ይከፈታል፣ መሪያቸው ይዞራል፣ ጎማቸው በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። እንግዳ ከመጣ ተስፋዬ መቀመጥ አይችልም፤ በእንግዳውና በመደርደሪያው መካከል ይንቆራጠጣል። ይሄ ሰው ባለቤት ነው ወይስ ዘበኛ?

ባለፈው እሁድ ልጄን ሶስናን ይዤ ሄድኩ። ገና ሻይ ሳይቀዳ ሶስና ጣቷን መደርደሪያው ላይ ወዳለች አንዲት ሰማያዊ መኪና ቀስራ ማልቀስ ጀመረች። የተስፋዬ ሚስት ሒሩት ደግሞ የእንግዳ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አትችልም።

"እንቺ ውሰጃት የኔ እናት! ለመኪና ነው እንዴ የምታለቅሺው?"

ተስፋዬን ላብ አጠመቀው። እኔ እንደ ወጉ፣ "ኧረ በፍጹም፣ አይሆንም!" አልኩ። እሱም እንደ ወጉ፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ሳይነቅል፣ "ምን ችግር አለው፣ ልጅ አይደለች?" አለ። ከዚህ የባሰ የጽናት ውድድር የት አለ?

ቤት እንደገባን ሶስና መኪናዋን ወረወረቻት። አንስቼ አየኋት። ለካ መሪዋ እውነትም ይዞራል! ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት። ትናንት የጥርስ ብሩሽ ገዛሁ፤ ለጥርሴ አይደለም።

ልመልስለት አስቤ ነበር፤ ግን የሰጡትን መመለስ ነውር አይደል? ይኸው ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ዛሬ እህቴ ልትጠይቀን ትመጣለች፤ መንታ ልጆቿን ይዛ።