ማኅበሩን ማን እንዳፈረሰው ሶፍትዌር ጠይቄ

ዛሬ የገጠመኝን ስትሰሙ «ይበላት!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስማችሁንም አውቃለሁ። ቢሆንም ልናዘዝ፤ ደክሞኛል።

የማርያም ጽዋ ማኅበራችን አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ከጊዜ በኋላ ግን በየወሩ አራት ሆነን መጠጣት ጀመርን። ያፈረሰችው ጥሩወርቅ ናት ብዬ ስንት ዓመት ጮኽኩ! እሷ ራሷ አንድም ወር ቀርታ አታውቅም። የሠራችውን ልታይ ነው የምትመጣው እል ነበር።

ማስረጃ አላጣሁም። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ የመጣ የቀረው የተጻፈበት ደብተር በእጄ ነው። እኔ ከሌለሁ ቄሱ ይጽፋሉ።

የእህቴ ልጅ ሰብለ እዚሁ ማርቆስ አስተማሪ ናት። ላፕቶፗ ላይ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ሶፍትዌር አለ። ሌላው ሶፍትዌር ሰውን ሁለት ሁለት እያደረገ ማን ከማን እንደተገናኘ ያያል። ይሄኛው አምስትም አሥርም ሰው አብሮ ሲቀመጥ ጉባኤውን እንዳለ ነው የሚያየው። ነጻ ነው፤ ኮዱም ክፍት ስለሆነ ማንም ገብቶ ይመረምረዋል።

«እንግዲህ አድልቷል የሚል አይኖርም!» ብዬ ለሁሉም አወራሁ። ደብተሩንም ሰጠኋት።

ዛሬ ማኅበሩ በጥሩወርቅ ቤት ነበር፤ «ጉዳይ አለ» ብዬ ሁሉንም ጠራሁ። ቄሱን ሳይቀር!

ሰብለ «እትዬ፣ መጀመሪያ ለብቻዎ ይዩት» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ጥሩወርቅ ፊት ነበር የፈለግሁት!

ፕሮጀክተሩ በራ። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሁለት ሁለት ሲታይ ከሁሉም ጋር ጠጥቻለሁ። ኮራሁ።

ቀጥሎ ጉባኤው ታየ።

እኔ ደምበጫ ልጄ ዘንድ በከረምኩባቸው ወራት አሥራ አንዱም አልቀሩም። እኔ ስኖር ከጥሩወርቅ ሌላ ሁለት ሴት። በሚቀጥለው ወር ሌሎች ሁለት። ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያዎቹ።

ተራ ገብተው ነበር! እኔን ለመቻል!

«ይሄ ነገር ተነካክቷል!» አልኩ።

«ኮዱ ክፍት ነው ስትዪን አልነበር እንዴ?» አለች አንዷ ከጥግ። ቄሱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጥሩወርቅ ቀና ብላም አላየችኝ። «ሁለት ሰው ይዘሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው የማልቀረው» አለች።

ስንት ዓመት ያማኋት ሴትዮ! ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። «ጠላሽ ቀጥኗል» አልኳት።

ጽዋው ደግሞ ዛሬ ለእኔ ደረሰ። የሚቀጥለው ወር ድግስ በእኔ ቤት ነው።

እስቲ ምከሩኝ። ለአራት ሰው ልጥመቅ? ወይስ ለአሥራ አንድ ጠምቄ እኔ ደምበጫ ልሂድ?