የማንም ያልሆነችው ስንዝር

ጃርትን ያስለቀሷት ፍልፈልና ጦጣ ናቸው። ስማቸው ከወዲሁ ይነገር፤ ኋላ «እኛ አይደለንም» ማለት ልማዳቸው ነውና። ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጥንቸል ይዋስ።

ድሮ በአንድ ደን ውስጥ ምንጩ ከተራራው አናት፣ ነዋሪው ከተራራው ግርጌ ነበር። ንጉሡ አንበሳ ውሃው ወደ ታች ይምጣ ብሎ አዘዘ። ፍልፈሎች በመሬት ውስጥ ቦይ ቆፈሩ፤ ጦጣዎች ከመሬት በላይ የቀርከሃ ቧንቧ ዘረጉ። ቦዩ ከመሬት ወጥቶ ቀርከሃው ውስጥ ሊገባ ሲል ግን አንዲት ስንዝር ክፍት ቀረች። ፍልፈሎች «ጦጣዎች ይገጥሟታል» አሉ። ጦጣዎችም «ፍልፈሎች ይገጥሟታል» አሉ። ውሃው ማንንም ሳይጠብቅ በስንዝሯ ወጣና፣ ከሥሯ ጉድጓድ ቆፍራ ሁለት ልጆቿን ወደምታሳድገዋ ወደ ወይዘሮ ጃርት ቤት ገባ።

ጃርት እሾኋን አስተኝታ፣ እንደ ጨዋ ሴት ወደ ፍልፈሎች አለቃ ሄደች።

«ጋሼ ፍልፈል፣ ቤቴ ውሃ ገባ።»

ፍልፈል ዓይኑ ለአመል ያህል ነውና ወደ ድምፅዋ ዞረ። «ቦያችን ያፈሳል እንዴ?»

«ቦዩስ ደህና ነው። ከጫፉ ነው የሚፈሰው።»

«እንግዲህ እትዬ፣ የእኛ ሥራ አፈር ነው። አፈሩ ካለቀበት ወዲያ ያለው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ለጦጣ ነው የተሰጠው። እሱን ያነጋግሩ።»

ኢንጂነር ጦጣ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ የባልደረባውን ቅማል ይለቅም ነበር። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ ይምጡ» አላት። በማግስቱ ስትመለስ ያው ሥራ ላይ አገኘችው።

«የእኛ ሥራ ቀርከሃ ነው» አለ ጦጣ ቀና ሳይል። «ቀርከሃው ያንጠባጥባል?»

«ውሃው ቀርከሃው ውስጥ መች ገባና ያንጠባጥባል?»

«በቃ፣ እኛ ጋ ያልደረሰ ውሃ አይመለከተንም።»

«ታዲያ በምረቃው ቀን ሁለታችሁም ‹መጋጠሚያው የእኛ ጥበብ ነው› ብላችሁ ከንጉሡ ፊት የተሸለማችሁትሳ?»

«እሱ ሽልማት ነው፣ እትዬ። ሽልማትና ጥገና ለየቅል ናቸው።»

ጃርት ለአንበሳ አቤት አለች። አንበሳም ሁለቱን ክፍሎች ጠርቶ «ተቀምጣችሁ ተወያዩ» አለና የቀርከሃ በር ያለው፣ ደረቅና ሰፊ ዋሻ ሰጣቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው ማን ይሁን በሚለው ተጨቃጨቁ። በሁለተኛው ስብሰባ፣ በመጀመሪያው ማን ማንን እንደ ሰደበ ተገመገመ። ምሳ ግን በሁለቱም ቀን ተበልቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጃርት ትንሹ ልጅ ማሳል ጀመረ። እናት ስብሰባ አትጠብቅም። ጭቃ አቦካች፣ ልጥ ላጠች፣ ስንዝሯን ደፍና አሰረቻት። ውሃው ቀጥ ብሎ ቀርከሃው ውስጥ ገባ።

ጭቃው ገና ሳይደርቅ ሁለቱ አለቆች እየሮጡ ደረሱ። ቤት ሲፈስ መነሳት ያቃተው እግር ያን ዕለት ሩጫውን ከየት እንዳመጣው ለጉድ ነው። ጃርትን እያዳፉ ከአንበሳ ፊት አቀረቧት።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ጦጣ። «መጋጠሚያችንን ያለ ፈቃድ ነካችብን።»

«ባለቤቱ ማን ነው?» አለ አንበሳ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። እንደ ብዙ አለቆች ግራ ሲገባው የሚፈርድ ነበርና «ባለቤቱ ተጣርቶ እስኪታወቅ ጭቃው ይነሳ» ብሎ ፈረደ። ጭቃውን ለማንሳት ፍልፈልና ጦጣ ተሽቀዳደሙ። እዚያ ላይ «ያንተ ሥራ ነው» የተባባለ አልነበረም።

በማግስቱ የጃርት ቤት ጣሪያ ተናደ። ልጆቿን ከጭቃው ውስጥ በጥርሷ እየጎተተች አወጣቻቸው። ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ካለቀሰች በኋላ ግን ዓይኗን ጠረገች፣ ልጆቿን አስከተለች፣ መንገድ ጀመረች።

ፍልፈልና ጦጣ ለሦስተኛው ስብሰባ ወደ ዋሻው ሲገቡ፣ ጃርት ከሰብሳቢው ቦታ ላይ ሣር ጎዝጉዛ ከነልጆቿ ተጋድማለች።

«እትዬ፣ ይሄ የስብሰባ አዳራሽ እኮ ነው» አለ ጦጣ።

«አውቃለሁ። ደረቅ ነው።»

ጦጣ ወደ ፍልፈል ዞረ። «አስወጣት እንጂ። የጉድጓድ እንስሳ ናት፤ ጉድጓድ ያንተ ነው።»

«አሁን የተኛችው ከመሬት በላይ ነው። ከመሬት በላይ ያለው ያንተ ነው።»

«ወለል ላይ እኮ ናት፣ ሰውዬ።»

«ወለሉን መች ነካችው? ሣር ላይ ናት። ሣር የሚበቅለው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ያለውን አንተ ታውቃለህ።»

ጃርት እሾኋን አቆመች። ጦጣ አየው፤ ፍልፈል ደግሞ ሲንቀጫቀጭ ሰማው። ሁለቱም እኩል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከተሾሙ ወዲህ ተስማምተው የሠሩት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ጃርት የሚያስለውን ልጇን ወደ ሆዷ አስጠጋችና እንዲህ አለቻቸው፦

«እኔን ማስወጣት የማን ሥራ እንደሆነ ስትስማሙ መጥታችሁ ንገሩኝ። እስከዚያው ስትወጡ በሩን ዝጉት፤ ልጆቼን ይበርዳቸዋል።»