አራስ የሆንኩበት ክረምት

ልጅ ሲወለድ ወንድ ምን ይሠራል? እስቲ በሞቴ ንገሩኝ። ውሃ ይፍላ ሲባል እንጨት ይፈልጣል፤ እንጨቱ በቃ ሲሉት ደጅ ይቆማል፤ መቆሙ ሲሰለቸው ይንጎራደዳል። ሴቶቹ አንዴ ብቅ ብለው «አንተ እስካሁን እዚህ ነህ?» ይሉታል፣ መልሱን ሳይሰሙ ይገባሉ። ልጁ ሲወለድ ግን እንኳን ደስ ያለህን ጠቅልሎ የሚወስደው እሱ ነው፤ ያማጠ ሰው እስኪመስል ድረስ ደረቱን ነፍቶ። እኔም የአባትነት ሥራዬን በዚሁ መልክ ልወጣ አስቤ ነበር። አልተሳካልኝም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ኮልፌ ውስጥ አንድ ጣሊያን በከፈተው ፉርኖ ቤት ዳቦ እጋግር ነበር፤ ቤቴ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ነው። ከእሳት አጠገብ ስለምውል ይሁን ወይም አፈጣጠሬ እንደዚያ ሆኖ፣ ገላዬ ሁልጊዜ ይግላል። ባለቤቴ ብዙነሽ በክረምት እግሯን እኔ ላይ ለጥፋ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት፤ በበጋ ደግሞ «እባክህ ወዲያ በል» ትለኛለች። ታዲያ የመጀመሪያ ልጃችንን ባረገዘች በሰባት ወሯ፣ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል በሚዘንብበት ሰሞን፣ ምጥ መጣባት። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸከምናትና ከከተማው ዳር ጣሊያን መነኮሳት ወደሚያስታምሙበት ሆስፒታል አደረስናት።

ሴት ልጅ ተወለደች። ተወለደች ማለትም ይከብደኛል፤ ብልጭ አለች ብል ይሻላል። እኔ ከምጋግረው ሙልሙል አትበልጥም ነበር። ጥፍሯ ገና አልወጣም፣ ቅንድብ የላትም፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ድምፅ የላትም። አፏን ትከፍታለች፣ ፊቷን ታኮማትራለች፣ ምንም አይወጣም።

ሕፃናቱን የምትጠብቀው ጣሊያናዊት መነኩሲት ሉቺያ ትባላለች፤ አራሶቹ «እማሆይ ሉቺያ» ይሏታል። አማርኛ የለመደችው እዚያው ከአራሶቹ አፍ ስለሆነ የምታውቀው የሴት አማርኛ ብቻ ነው። ሐኪሙንም፣ ዘበኛውንም፣ እኔንም የምትጠራን «አንቺ» እያለች ነው። ልጄን በባዘቶ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ አስተኛቻት፤ ግራና ቀኟ የፍል ውሃ ጠርሙስ ደረደረችላት። ግን እንጨቱ ዝናብ ጠግቧል፤ ከሚነደው የሚጨሰው ይበልጣል፤ ውሃው እስኪፈላ ጠርሙሶቹ ይቀዘቅዛሉ። ልጅቷም አብራ ትቀዘቅዛለች። በዚያ ላይ ብዙነሽን ትኩሳት ያዛትና ሌላ ክፍል አስገቧት፤ ልጇን እንዳትነካ ተከለከለች። ነገሩን አያችሁት? ግለት የተትረፈረፈው እናትየዋ ላይ፣ የተፈለገው ደግሞ ሌላ ቦታ።

እማሆይ ሉቺያ እጄን ይዛ ለብቻዋ የሆነ ነገር አሰበች። ግንባሬን ነካች። አንገቴን ነካች።

«አንቺ ጥሩ ምድጃ» አለችኝ። «ሸሚዝ አውልቂ። ተኚ።»

አወለቅኩ። ተኛሁ። ልጄን ደረቴ ላይ አድርጋ በባዘቶና በብርድ ልብስ ጠቀለለችን።

እንግዲህ እንዲህ ነው አራስ የሆንኩት። አልጋዬ ከሴቶቹ መሐል ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ደስታ የሚባሉ የኮልፌ ሴት ናቸው፤ ጥርስ ማብቀል ብቻ የቀረው የሚመስል ግዙፍ ወንድ ልጅ ታቅፈዋል። ሰውየው አያፍርም እንዳይባል ብለው ነጠላ አከናነቡኝ። ወተታቸው ከልጃቸው ተርፎ ለእኔዋም ደረሰ፤ እያለቡ በዓይን መድኃኒት መጨመሪያ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል። ልጅቷን የሚያኖራት እሳቸው ናቸው፣ እኔን የሚገድሉኝ እሳቸው ናቸው። ለምን ብትሉኝ፣ ሲያስቁ አይጣል ነው። መሳቅ ደግሞ ክልክል ነበር። እኔ ስስቅ ደረቴ ይነጥራል፤ ደረቴ ሲነጥር ልጄ ትነጥራለች። ስለዚህ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ እኔ ጣሪያውን እያየሁ ከንፈሬን ነክሼ እተኛለሁ፤ እንባዬ ብቻ በጆሮዬ በኩል ይወርዳል።

የፉርኖ ቤት ባልደረቦቼ ወሬው ሲደርሳቸው አጥሚት አፍልተው «ለአራሱ» ብለው ላኩልኝ። ማላገጣቸው ነው። እኔ ግን ጠጣሁት። ጥሩ አጥሚት ነበር።

ሁሉም ሳቅ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንዴ ትንፋሿ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ የእግሯን ጫማ በጣቴ ጫፍ ጎንተል አደርጋለሁ፤ አንድ ጊዜ ትንቀጠቀጥና ትመለሳለች። እስክትመለስ ድረስ ለመድኃኔዓለም ያልተሳልኩት ነገር የለም። እማሆይ ሉቺያ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን እያስጠጋች «አለቀሰች?» ትለኛለች። «አላለቀሰችም» እላታለሁ። ብርድ ልብሱን አጥብቃልኝ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት በሩ ተበረገደና አንድ የጣሊያን መኮንን ከወታደሮችና ከአስተርጓሚ ጋር ገባ። አስተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው። የቆሰለ አርበኛ እዚህ ተደብቋል ተብሎ ነው የመጡት። አሁን እናንተ በመኮንኑ ዓይን እዩኝ፤ በሴቶች ክፍል ውስጥ፣ ነጠላ የተከናነበ ጢማም ሰው፣ ብርድ ልብሱ ሥር የሆነ ነገር በሁለት እጁ ጨብጦ ተኝቷል።

«ተነስ» አለኝ አስተርጓሚው።

«አልችልም።»

«ደረትህ ላይ ምን ይዘሃል?»

«ልጄን።»

ለመኮንኑ ምን ብሎ እንደነገረው እንጃ፣ መኮንኑ ሽጉጡን መዘዘ። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይገደል ነበር። እጄን ባወጣ ልጄ ትበርዳለች፤ ባላወጣ ደግሞ እኔ ለዘላለም እበርዳለሁ። እንደያዝኳት ቀረሁ።

እትዬ ደስታ ልጃቸውን እያጠቡ፣ ከተኙበት ንቅንቅ ሳይሉ፣ «ጌታው፣ ሰውየው አራስ ነው» አሉ።

«ወንድ?» አለ አስተርጓሚው።

«እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ያልታየ ምን አለ?»

አስተርጓሚው የፊተኛውን ብቻ ተረጎመና የኋለኛውን ዋጠው። እግዜር ይስጠው። መኮንኑ አላመነም። ቀረበኝና ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ ያንን ከዝናብ የመጣ በረዶ እጁን ደረቴ ላይ ሰደደ። የነካው ብረት አልነበረም፤ የልጄ ጀርባ ነበር።

ልጄ ጮኸች።

ቀጭን ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን ጩኸት ናት። እንደገና ጮኸች። ሦስተኛውን ስትደግም እትዬ ደስታ እልልታውን አቀለጡት፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀበላቸው፤ መነሳት ያልተፈቀደላቸው ሁሉ ተነሥተው ያጨበጭባሉ። መኮንኑ ግራ ቀኝ አየ። ሽጉጡን ከተተ። እልልታው ለእሱ የተባለ መስሎት ይሆናል፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና ወጣ። ጣሊያን በዚህ አገር ከልብ የወጣ እልልታ የሰማው ያን ጠዋት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እማሆይ ሉቺያ ሩጣ መጣች። «አንቺ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪበቃኝ እየሳቅኩ ነበር፤ ልጄም ደረቴ ላይ እየነጠረች ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። ልጅቷ ጠብታውን ትታ የእትዬ ደስታን ጡት መጥባት ጀመረች፤ ጉንጭ አወጣች። ዝናቡ ሲቀንስ ብዙነሽም ከትኩሳቷ ተነሣች። እማሆይ ሉቺያ ደግፋ አመጣቻትና አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። ልጄን ከደረቴ አንሥቼ ሰጠኋት። ትደናገጣለች፣ ትፈልገኛለች ብዬ ነበር። የእናቷን ጡት አገኘች፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ ተኛች። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ብዙነሽ ቀና ብላ አየችኝ። «ቀናህ እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ያስቀናኛል» አልኳት።

እነሱ እስኪጠነክሩ እዚያው ይቆዩ ተባለ፤ ለእኔ ግን እማሆይ ሉቺያ ሸሚዜንና ኮቴን አቀበለችኝ። «ጨረስሽ» አለችኝ። «ሂጂ፣ ዳቦ ጋግሪ።»

ወጣሁ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ጭቃው ያብረቀርቃል፣ እኔም ለራሴ እያንጎራጎርኩ ነበር። መንገዱ ላይ ካለው ኬላ ስደርስ የኬላው ዘበኛ አስቆመኝ።

«ኮትህ ሥር ምን ይዘሃል?»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ሁለቱም እጆቼ ደረቴን አቅፈዋል። ኮቴን ከፍቼ አሳየሁት። ምንም የለም።

«ታዲያ ምን አቅፈህ ነው የምትሄደው?»

«ልጄን ነበር። ለእናቷ ሰጥቻታለሁ፤ እጄ ገና አልሰማም።»

ዘበኛው አንድ አፍታ አየኝና እለፍ አለኝ። አለፍኩ። እጄን ግን ቀራንዮ እስክደርስ አላወረድኩትም።